መርጃን

ኢቲሳም ከጅዳ ለአባቷ ያመጣችለትን ስጦታ፣ ሐይቁ ዳር ደንገሉ አጠገብ በቆመው ታንኳቸው ላይ መዳፉ ውስጥ አኖረችለት። ነጭና ደረቅ ነበር፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ይመስላል።

«ድንጋይ ነው እንዴ?» አላት እያገላበጠ።

«መርጃን ነው አባ። ባሕር ውስጥ የሚበቅል፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው። የዓሣው ሁሉ ቤት እሱ ነው። ወላሂ፣ ላንተ ብዬ በገዛ እጄ ነው የሰበርኩት!»

አባቷ ወደ መረቡ ዞረ። መረቡ ላይ የተያዘች አንዲት ቆሮሶ ዓሣ አፏን ነፍታ ነበር። ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ደብቃለች ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ እንዲህ ያለችውን ሸጦ አያውቅም። በቀስታ አላቆ ውሃው ውስጥ ለቀቃት።

ኢቲሳም አንገቷን ደፋች። «አፈርኩ አባ። ጣለው በቃ።»

«አንቺ ያመጣሽልኝን?»

ጎንበስ ብሎ ስጦታውን፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ውሃው ውስጥ ደንገሉ ሥር አስቀመጠው። ብዙም ሳይቆይ ጥፍር የምታህል ዓሣ መጥታ በቅርንጫፎቹ መሃል ገባች።

«አየሽ፣ ተከራይ አገኘ» አለና እርጥብ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«የጅዳዎቹ ተከራዮችስ የት ገብተው ይሆን?»