የሰብለ መስኮት

አናጢው ይርጋ የፈላ ውሃ በዋንዛው ጣውላ ጀርባ ላይ ያንቆረቁራል። ጀርባውን አስቀድሞ በመጋዝ ከዳር እስከ ዳር ጫር ጫር አድርጎታል። ውሃው ጭረቶቹ ውስጥ ሲገባ እንጨቱ ይለዝባል፤ ያኔ ቀስ እያሉ በጎበጠው የእንጨት ቅርጽ ላይ ማጉበጥ ነው። ሳይቀዘቅዝ ነው ታዲያ! ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ደግሞ ፋታ አይሰጥም።

ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ያጎብጣል፣ ሌላው ሚስማር ይመታል። ድሮ ሚስማር የምትመታለት ልጁ ሰብለወንጌል ነበረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሷም ቤሩት ከሄደች አምስት ዓመቷ። ጠዋት ጎረቤቱ እሸቴ «ልያዝልህ?» ቢለው «እጅ አለኝ» ብሎ መልሶታል። ግትር ነው ይርጋ። የልጁን መስኮት ሌላ ሰው እንዲነካበት አልፈለገም።

«ስመለስ ከላዩ ጎበጥ ያለ መስኮት ይሥሩልኝ» ብላው ነው የሄደችው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች፤ ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ደብረ ታቦርን አስሶ ያጣውን ደረቅ ዋንዛ አንበሳሜ ድረስ ወርዶ ነው ያገኘው፤ ያውም ይህቺን አንዷን።

ግራውን ጫፍ በሚስማር አስይዟል። መሐሉን በደረቱ ተጭኖ ቀኙን በሁለት እጁ ወደ ታች ሲገፋ፣ በሩ ላይ በተንጠለጠለው ኮቱ ውስጥ ስልኩ ይጮኻል።

ሰብለ ናት። ከእሷ ሌላ ማን ይደውልለታል? ግን አሠሪዎቿ የሚፈቅዱላት እሑድ እሑድ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ምነው በደህናው! እሱ እንደሁ መልሶ ሊያገኛት አይችል።

«ቆዪ ልጄ፣ ቆዪ!» ጣውላው ቅርጹን ሊነካ አንድ ጣት ያህል ቀርቶታል። ስልኩ ይጮኻል።

ይለቀዋል። ጣውላው ተስፈንጥሮ ግድግዳው ላይ ይላተምና ቋ ብሎ ይሰበራል። ይርጋ ዞር ብሎም አያየው።

«አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«ምን ሆነሽ ነው? አሞሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ! ምነው ያለከልካሉ?»

«ስልኩ ሲጮኽ ሮጬ ነው።»

«አባባ፣ ለፋሲካ አልመጣም። እመቤቲቱ ወልዳለች፤ ሁለት ዓመት ጨምሪ ብለውኝ ፈርሜያለሁ። እስከ እሑድ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኝ ነው። እንዳይቀየሙኝ።»

ሁለት ዓመት!

«ምን ሲደረግ እቀየምሻለሁ? ብቻ ጤና ሁኚ።»

«መስኮቴስ?»

አሁን ጣውላውን ያየዋል። ግማሹ በሚስማሩ ተይዞ፣ ግማሹ አቧራ ላይ ወድቆ ገና ይተናል።

«አልቋል» ይላታል። «እንዴት ያለ መስኮት መሰለሽ! ክፍሉ ብርሃን በብርሃን ሆኗል።»

«እሰይ! ማን አገዘዎት?»

«ሰው ሞልቶ! ጎረቤቱ ሁሉ እየተሻማ ያዘልኝ። ይኸው አሁንም ቤቱ ጢም ብሏል፤ ወጥቼ ነው የማናግርሽ።»

«ተመስገን!» ትላለች፤ ድምፅዋ ከልቧ ቀለል ይላል። «ብቻዎን የሚውሉ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። በሉ ይግቡ አባባ፣ እንግዶችዎን አያስጠብቁ።»

«እሺ፣ ልግባ» ይላል ይርጋ፤ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ከጆሮው ሳያነሣው ቆሞ።