የብኸይታ ጣቶች

«ቁርጥማት ነው፣ ሲስተር። ማስታገሻ ስጪንና እንሂድ» አለ ዐወድ፣ የሚስቱን የወርቅ ማጠቢያ ገበቴ ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው እያዛወረ። እዚህ መንጌ ወረዳ ውስጥ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብላ ወርቅ ስታጥብ የምትውል ሴት ወገቧን ካመማት ቁርጥማት ነው፤ ሌላ ስም አይፈለግለትም።

ነርሷ ማንጠግቦሽ ግን አልተዋጠላትም። «ይወጋሻል? ወይስ ይጠዘጥዝሻል?» አለቻት።

ሚስቱ ብኸይታ ከአማርኛው የምታውቀው «ያማል» የሚለውን ብቻ ነበር። እሱን ደጋግማ ስትል ቆየችና ድንገት የነርሷን የእጅ አንጓ ያዘች። ቀስ እያለች ጨበጠች፣ አጥብቃ ጨመቀች፣ ለቀቀች። ጥቂት ቆይታ እንደገና ጨበጠች።

ማንጠግቦሽ ሌላ እጇን በሰፊው ልብስ ስር የብኸይታ ሆድ ላይ አሳረፈች። ጣቶቹ ሲጠብቁ ሆዱም እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ሲለቁ ላላ።

«ስንት ወሯ ነው?»

ዐወድ ገበቴውን መሬት አስቀመጠ።

«ገና ስድስት» አለ።