የበሬው ልብ

መምህር በላቸው የበሬውን ልብ ከፌስታሉ አውጥቶ ትሪው ላይ ሲያኖረው ሃጂራ የክፍሉን በር ገፍታ ገባች። አርባ ስድስት ተማሪ ዞሮ አያት።

«ይቅርታ፣ መምህር። የሸምሲያ እናት ነኝ።»

መምህሩ ቢላውን አስቀመጠ። ሸምሲያ ከትምህርት ከቀረች ሁለት ወር አልፏታል፤ እናት በትምህርት መሐል ስትመጣ ደግሞ ለደግ አይሆንም።

«ምነው? ልጅቱ ደኅና አይደለችም?»

«ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ! ልቧን ሠርተውላት ትናንት ከአዲስ አበባ ገባን።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሃጂራ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር። የመጣችው ልታመሰግን ነው፤ ከምስጋናው በፊት ግን የምታወርደው ነገር ነበራት። ኅዳር ላይ ይህ ሰው አራዳ ገበያ ካለው የጨርቅ ሱቋ መጥቶ፣ ገበያተኛ ፊት፣ «የልጅዎ ልብ ልክ አይደለም» ቢላት፣ ልጄን ልበ ቢስ አለብኝ ብላ የጨርቅ መለኪያውን እንጨት አንሥታ ከደጇ አባራዋለች። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። በአራተኛው ልጅቱን ሆስፒታል የወሰደቻት አምናው ሳይሆን ከሱ ለመገላገል ብላ ነበር።

«ያን ቀን የተናገርኩዎት...» አለች።

«እሱን ይተዉት። ይልቅ ሸጋ ሰዓት ነው የደረሱ፤ ወዲህ ይቅረቡ።»

ትሪውን አይታ አመነታች። ገባው።

«ከእስላም ሥጋ ቤት ነው የገዛሁት። አለዚያ የክፍሉ እኩሌታ አልነካም ይለኛል።»

ሳቀች፤ ቀረበችም።

መምህሩ ልቡን በግራ ጎኑ ሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ከፈተው። «አራት ክፍል አለው፤ ሁለት ላይ፣ ሁለት ታች። የቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይሰዳል። ደሙ እዚያ አየር ይዞ በግራ ይመለሳል። የዚህን ግድግዳ ውፍረት እዩ! ከራስ ቅል እስከ እግር ጥፍር የሚገፋው እሱ ነው።» ከዚያ በቢላው ጫፍ ሁለት ነጫጭ፣ ስስ መዝጊያዎችን ገለጠ። በቀጫጭን ክሮች ከግድግዳው ጋር ተይዘዋል። «ይህ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ማለፊያ በር ነው። ወደ ታች ይከፈታል፤ ደሙ ወደ ላይ ልመለስ ሲል ይዘጋል። የሸምሲያ የታመመው ይህ ነው።»

አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ለሃጂራ ይህንኑ ነግረዋት ነበር። እሷ ግን ራሷን ከመነቅነቅ በቀር አንዱም አልገባትም።

«በልጅነቷ ቶንሲል ይመላለስባት ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

«አንዳንዴ በዚያ ሰበብ መዝጊያዎቹ ይደድራሉ፣ ይጣበቃሉ። ደሙ ማለፊያ ሲያጣ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽ ያጥራት የነበረው ለዚያ ነው። እስቲ ጣትዎን ያስገቡ።»

ሃጂራ ጣቶቿን አስገባች። ጨርቅ በጣቷ ስትለይ ሃያ ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ስስ፣ እንዲህም ጠንካራ ነገር ግን ነክታ አታውቅም።

«የጤነኛ ሰው በር ሁለት ጣት ያሳልፋል» አለ መምህሩ።

«የሷስ?»

«እርሳስ ቢያሳልፍ ነው።»

እርሳስ! ያን ሁሉ ዓመት ልጇ በዚያች ቀዳዳ ስትኖር፣ የጨርቅ ጣቃ ተሸክማ የሱቁ ደረጃ መካከል ቁጭ ስትል፣ እናቷ ከላይ ሆና «አንቺ ሰነፍ!» ትላት ነበር። ትናንት ግን ሸምሲያ ያንን ደረጃ ሳታርፍ ወጥታ፣ ከላይ ሆና «እማ፣ ምነው ቀረሽ?» ብላታለች። ይህን ለመምህሩ ልትነግረው ፈልጋ እንባ ቀደማት።

«አላህ ዕድሜ ይስጥዎት። በልጆችዎ ይካስዎት» አለች እንደ ምንም። «እኔ እናቷ ያላየሁትን እርስዎ እንዴት አወቁት?»

መምህሩ ምስጋና ሲበዛበት መግቢያ እንደሚጠፋው ሰው ጥቁር ሰሌዳውን አየ፤ ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

«እንግዲህ ሥራ አለን። ሁላችሁም ሁለት ጣት በእጅ አንጓችሁ ላይ። አንድ ደቂቃ ቁጠሩ!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ደቂቃው ሲያልቅ ልጆቹ ቁጥራቸውን ጻፉ። መምህሩ ግን በጽሑፉ አልረካም። ከፊተኛው ወንበር ጀምሮ የእያንዳንዱን አንጓ በራሱ እጅ እየያዘ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ምቱን ያዳምጥ ጀመር።

«ሸምሲያንም እንዲህ ሲይዛት ነው ያወቀባት» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ በሹክሹክታ።

ሃጂራ በዓይኗ ተከተለችው። መምህሩ ጎንበስ ይላል፣ ያዳምጣል፣ ቀና ይልና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንዱንም አልዘለለም። የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ልጅ ተራው ሳይደርስ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።