ከተዋናዩ ጀርባ

የቪሲዲ ዘመን የአማርኛ ኮሜዲ ፊልሞች ነፍሷ ናቸው። ቀልዳቸው ቢንዛዛም፣ ድምፃቸው ከከንፈር ቢዘገይም ትወዳቸዋለች። የዚያ እሑድ ፊልም ግን አንዴም አላሳቃትም። ዋናው ተዋናይ ለሦስተኛ ጊዜ ከወንበር ሲወድቅ፣ "ኤጭ! ይሄ ደግሞ ፊልም ነው?" ብላ ልታጠፋው ሪሞቱን አነሳች።

ያን ጊዜ ከተዋናዩ ጀርባ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ካፌ ውስጥ፣ ወንድሟን ይልቃልን አየችው። "ቢሾፍቱ ደርሼ ማታ እመጣለሁ" ብሏት እንደወጣ ከቀረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። የለበሰው በዚያው ዕለት ለብሶት የወጣውን፣ እሷ የሠራችለትን ቀይ ሹራብ ነው።

ምስሉን አቆመችው። ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። ከወንድሟ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሰው ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሯል።

ባሏ ነው። ይልቃል ከጠፋ ከአራት ዓመት በኋላ ያገባችው፣ የወንድሟ ፎቶ ፊት በቆመ ቁጥር "ምነው በአካል ባውቀው ኖሮ" የሚላት ባሏ።

ሪሞቱን ልትጫን ስትል ከኋላዋ የሰው ትንፋሽ ሰማች። ባሏ ከመኝታ ቤት ወጥቶ የቆመውን ምስል ያያል።

"ይሄን ፊልም፣" አላት ቀስ ብሎ፣ "ከየት አገኘሽው?"