ውሃው በደንብ ወጣ?

አዛውንቱ ሉዋን ማኦሊን ከልጃቸው ይልቅ ትራክተራቸውን ይወዳሉ እየተባሉ ይታማሉ። ሐሜቱ እውነት ነበር። ልጅየው ወደ ደቡብ ሄዶ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሲኖር፣ ትራክተሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአጠገባቸው አልራቀም።

ልጅየው በደወለ ቁጥር «ያንን ቆርቆሮ ሽጠው ይምጡ» ይላቸዋል።

«ሞተሩ የሞተ ዕለት እመጣለሁ» ይላሉ ሉዋን። ይህን ቃላቸውን መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል።

በሰሜን ክረምት ውሃ በሞተር ውስጥ አያድርም። ካደረ በረዶ ይሆናል፣ በረዶ ደግሞ ብረት ይሰነጥቃል። ስለዚህ ሉዋን እንጨት አመላልሰው ሲመለሱ፣ ከራዲያተሩ ሥርና ከሞተሩ ጎን ያሉትን ሁለት ማፍሰሻዎች ይከፍታሉ። ውሃው ሲንዠቀዠቅ ከሰሙ በኋላ ጉልበታቸውን እያሹ ከሥሩ እሳት ነዶበት ወደ ጋለው የጡብ መደባቸውና ወደ ማሽላ አረቄያቸው ይገባሉ። ጠዋት የፈላ ውሃ ይሞሉበታል፣ ከዘይት ቋቱ ሥር ፍም ያደርጋሉ። ትራክተሩም ሁለት ሦስቴ ስሎ ይነሣል።

አብራቸው የምትኖረው የልጃቸው ሚስት ሹሜይ ናት። ባሏ «አባባን ሳትይዢ እንዳትመጪ» ብሏት ከሄደ ሦስተኛ ክረምቷ ነው።

«አባባ፣ ውሃው በደንብ ወጣ?» ትላለች በየማታው።

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሳፈስ ኖሬያለሁ! ይልቅ ጎመንሽ እንዳያርብሽ።»

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ፓንግ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሳቀ። «ወንድሜ ሉዋን፣ አንተ ቤት ስትገባ ምራትህ ወደ ትራክተሩ ትሄዳለች። ፍቅር ይዟት ይሆን?»

ሉዋንም ሳቁ። ነገሩ ግን ሆዳቸው ገባ። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም። ስትገባ እጅጌዋ እርጥብ ነው፤ ጣቶቿ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታሉ። አንድ ማለዳ የካፖርቷን ኪስ ሲፈትሹ ጫፉ የተቆለመመ፣ ዝገት የነካው ሽቦ አገኙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሹሜይ ቀላች። «አባባ፣ ልንገርዎት ብዬ ሦስት ክረምት ሙሉ...»

«ሦስት ክረምት! ሦስት ክረምት ሙሉ ሞተሬን ስትጎረጉሪ ኖረሻል!»

«እንዳይከፉብኝ ብዬ ነው እንጂ...»

«እሱን ገድላችሁ እኔን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ልትሰቅሉኝ!»

አላስጨረሷትም። ሻንጣዋን አውጥተው በረዶው ላይ ወረወሩት። መንደርተኛው በየደጁ ቆሞ ያያል፤ አንድም ሰው ተዉ አላለም። እሷም ሻንጣዋን አራግፋ አነሣችና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ልትሄድ ስትል ዞር አለች።

«የዛሬው ብርድ ከባድ ነው፣ አባባ» አለች።

ሉዋን ምራቃቸውን ተፉ።

በዚያ ማታ እንደ ልማዳቸው ሁለቱንም ማፍሰሻዎች ከፈቱ። ውሃው ሲንዠቀዠቅ ሰሙ። «አሁን ገና አንተም እኔም አረፍን» ብለው የሞተሩን ክዳን መታ መታ አደረጉት። የዚያን ዕለት አንድ ብርጭቆ አረቄ ጨምረው ጠጡ።

በማግሥቱ የፈላውን ውሃ ሲሞሉ በሞተሩ ጎን ወርዶ ጫማቸውን አራሰው። ሞኖብሎኩ፣ የሞተሩ ዋና ብረት፣ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«ሠራችልኝ! ያቺ እባብ ሠራችልኝ!»

ጩኸቱን ሰምቶ መንደሩ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ሹሜይን እያነሡ ረገሟት። ፓንግ «እኔ ነግሬህ ነበር» እያለ ሄዶ ከከተማ መካኒክ ይዞ መጣ።

መካኒኩ ከሞተሩ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሽማግሌውን ግራ ገብቶት አያቸው።

«አባባ፣ የጎኑ ማፍሰሻ እኮ የዓመታት ዝገት ደፍኖታል፤ ቢከፍቱትም ጠብ አይልም። እስከ ዛሬ ውሃውን ማን ነበር የሚያወጣልዎት?»