ለምስክር የተያዘ ወንበር

ችሎት አስከባሪው በሩን ገርበብ አድርጎ «ምስክሮችዎ የታሉ?» ሲላት፣ የሕግ ታሪክ ተመራማሪዋ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ያስቀመጠችውን ቦርሳ አየች። «እየመጡ ነው» አለች። የሚመጣ ሰው አልነበረም። የእናቷ ልጅና ወራሽ መሆኗን የሚመሰክሩላት ጎረቤቶች ከእናቷ ቀድመው አልቀዋል። በየመድረኩ «ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ከትምህርት ቤት አይውጡ፤ ሰው ሰውን የሚያውቀው በእነሱ ነው» እያለች ድምፅዋ እስኪዘጋ ስትሟገት ኖራለች። አሁን ግን በስም የምታውቃቸው ምስክሮች በድሮ የፍርድ መዝገብ ውስጥ ያሉት ሙታን ብቻ ነበሩ።

«ሰው አለው?» አሉ ከዘራ የያዙ አዛውንት ወንበሩን እያዩ። ሁለተኛ መዋሸት አቃታትና ቦርሳዋን አነሳች። ችሎት አስከባሪው ሲጠይቃት የሰሙት አዛውንት ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም ምስክር አጥቼ ነው ጉዳዬ የቆመው። እከኪልኝ ልከክልሽ» አሏት። ደነገጠች። እንዲህ በፍርድ ቤት ደጃፍ ተገናኝተው ለማያውቁት ሰው የሚምሉትን «ነውረኞች» ብላ በመጽሐፏ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፋባቸዋለች።

«አይሆንም፣ አባባ» ልትል አፏን ስትከፍት ጆሯቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። «ታዲያ ስለ አንቺ ምን አውቃለሁ ልበል፣ ልጄ?»

ይህን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ከተወለደችበት ቤት ጀመረች። ችሎት አስከባሪው ብቅ ብሎ ሲጠራት፣ ዞር ሳትል እጇን ብቻ አነሳች።

«ትንሽ ይታገሱን» አለች፤ «ገና ሰባት ዓመቴ ላይ ነን።»