ባለመኪናዋን ያቅርቡልኝ

የልብስ ስፌት መኪና የሚሸጠውና የሚጠግነው ድርጅት የደንበኞች መዝገቡ ሰኞ ጠዋት ድርግም አለ። ማን ምን እንደገዛ፣ የማን መኪና መቼ እንደሚታይ፣ ማን በጠዋት ሲደወልለት እንደሚቆጣ፣ ሁሉም ነገር ያለው እዚያው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነበር።

"ሐኪሙ" እያሉ የሚያሾፉበት የኮምፒውተር ባለሙያ ከመሣሪያው ጋር ሲታገል ሰነበተ። ማታ ማታ በራሱ ይቀመጣል ሲባል የኖረው መጠባበቂያ ቅጂ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ለካስ ማንም ከፍቶ ሞክሮት አያውቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ የሚሠራበት ግን የለም። ሐኪሙ በመጨረሻ ከዕቃ ቤት ሁለት ዓመት ያለፈው አንድ ቅጂ ፈልጎ አገኘና መዝገቡን ከሱ መለሰው።

"ትንሽ ያረጀ ነው፤ ከምንም ይሻላል" አለ ላቡን እየጠረገ።

ሥራ አስኪያጁ ከዛሬ ጀምሮ ቅጂው በየሳምንቱ ተከፍቶ ይሞከር ብሎ ትእዛዝ አወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የቀረው ለደንበኞች እየደወሉ መረጃውን ማስተካከል ነበር። ይሄ ሥራ የስልክ ሠራተኛዋ ላይ ወደቀ። ልጅቷ ከሰው ጋር ማውራት ትወዳለች። ድርጅቱ ውስጥ ደንበኛ ሁሉ "ባለመኪና" ነው የሚባለው፤ ለአውቶቡስ እንኳ የሚቸግራቸው ሴቶች ባለመኪና ሲባሉ ይስቃሉ። አንዱ ባለመኪና ቤት ከለወጠ ቆይቷል፣ ሌላዋ ሥራውን ትታዋለች። ልጅቷም እየሰማች ታርማለች።

አንዷ ደንበኛ ጋ ስትደርስ ግን እጇ ተያዘ። ከስሟ ሥር "ልብስ ሰፊ ናት። ተጫዋች ናት። ስለ መኪናው ከራሷ ጋር ብቻ ተነጋገሩ" የሚል ተጽፏል። ስልኩን ያነሳው ባልየው ነው።

"ባለመኪናዋን ያቅርቡልኝ። አሉ?"

ሰውየው ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ተሰማት።

"አለች" አለ በመጨረሻ። "አለች እንጂ። እጇ ሥራ ይዞ ነው።"

"ላፍታ ብቻ ነው የምፈልጋቸው።"

"ነገ ደውዪ።"

በማግስቱ ደወለች።

"ተኝታለች" አላት።

"አሟቸው ነው?"

"ኧረ ደህና ናት። አልቀሰቅሳትም ብዬ ነው። መቼ ነው መልሰሽ የምትደውዪው?"

"ተኝታለች" የምትለዋን ቃል ልጅቷ ታውቃታለች። ታላቅ እህቷ ባል አግብታ ርቃ ሄዳ ሳለ፣ በደወሉ ቁጥር ባልየው "ተኝታለች" ይላቸው ነበር። አመኑት። ሰው በእህቱ ባል ላይ ክፉ አያስብም። ኋላ እናቷን ይዛ ስትሄድ የደረሰችው ለለቅሶ ነው። ቶሎ ብሄድ ኖሮ እያለች አንጀቷ እንደተቃጠለ ይኖራል።

እንደገና ስትደውል ጆሮዋን ጥላ አዳመጠች። የልብስ ሰፊ ቤት መኪናው ይንጣጣል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ከዚያ ቤት ግን ኮሽታ የለም።

"ዛሬስ አሉ?"

"ገላዋን እየታጠበች ነው" አላት። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

ለሐኪሙ ነገረችው።

"እባብ ያየ በልጥ በረየ" አላት። "ሴትዮዋ ማውራት ካልፈለገች አንቺ ምን ጨነቀሽ?"

"እህቴንም እንዲህ እያልን ነው የቀበርናት።"

ሐኪሙ አድራሻውን ከመዝገቡ ገልብጦ ሰጣት።

ምሳ ሰዓት ላይ አድራሻውን ይዛ ወጣች። ቤቱ ጠባብ ደረጃ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ መጋረጃው በቀትር ተዘግቷል። አንዴ እንዳንኳኳች ተከፈተላት። ሸምገል ያለ፣ ሸሚዙ ሁለት ቁልፍ የጎደለው ሰው ነው።

"ከስፌት መኪናው ድርጅት ነው የመጣሁት። ባለመኪናዋን ሳላይ አልመለስም።"

ይከለክለኛል ብላ ነበር። እሱ ግን "ግቢ ልጄ" ብሎ መንገድ ለቀቀላት።

ክፍሉ ተጠርጓል፣ አልጋው ተነጥፏል። መኪናው መስኮቱ ሥር ነው፤ መርፌው ግማሹ ከተሰፋ ቀሚስ ላይ እንደተተከለ ቆሟል። ጓዳው ክፍት ነው፤ ማንም የለም። ዛሬም ዘገየሁ አለች በሆዷ፤ ዛሬም እንደዚያን ጊዜው።

"የት ናቸው?" አለችው፤ እንባዋ ቀደማት። "ምን አድርገዋቸው ነው? ሥራ ላይ ናት፣ ተኝታለች፣ ትታጠባለች እያሉ ይሄን ሁሉ ቀን ሲዋሹኝ! ፖሊስ ነው የምጠራው።"

ሰውየው አልተቆጣም። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና እሱ ፊቷ ቆሞ ቀረ።

"አምና እኔው ራሴ ደውዬ፣ ሞታለችና ስሟን ሰርዙልኝ ብያችሁ ነበር" አላት፤ "ከቀበርኳት ወዲህ 'አለች ወይ' ብሎ የጠየቀኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፤ በሞቴ ልጄ፣ አትሰርዢያት፣ ነገም ደውዪና ጥሪልኝ።"